ከዋርሶ እስከ ሞስኮ ደጃፍ፦ የጀርመን ጦር ፍጥነት ምንጩና ወሰኑ

ከሴፕቴምበር 1939 እስከ ጁን 1941 ባሉት 21 ወራት ውስጥ የጀርመን ጦር ፖላንድን፣ ዴንማርክን፣ ኖርዌይን፣ ሆላንድን፣ ቤልጂየምን፣ ሉክሰምበርግን፣ ፈረንሳይን፣ ዩጎዝላቪያንና ግሪክን በየተራ ድል አደረገ። ዴንማርክ የቆየችው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ሆላንድ በአምስተኛው ቀን እጅ ሰጠች፤ ዩጎዝላቪያም ሁለት ሳምንት አልሞላትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች አራት ዓመት ሙሉ ደማቸውን አፍስሰው ሊረግጧት ያልቻሉት ፓሪስ፣ በ1940 ጥቃቱ በተከፈተ በአምስት ሳምንት ተያዘች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የድል ሰንሰለት «ብሊትዝክሪግ» ማለትም «የመብረቅ ጦርነት» በሚል ስም ይታወቃል። ስሙ የሚያሳስተው ነገር አለ። ሰሚው የጀርመን የጦር መሪዎች አስቀድመው አስበው፣ ጽፈውና አስተምረው ያዘጋጁት ምስጢራዊ ዘዴ የነበረ ይመስለዋል። በጀርመን ጦር ይፋዊ መመሪያዎች ውስጥ ግን ቃሉ የዶክትሪን ስም ሆኖ አይገኝም። በ1930ዎቹ በጀርመን ወታደራዊ መጽሔቶች ላይ አልፎ አልፎ ብቅ ይል ነበር፤ በዓለም ያስፋፉት ከፖላንድ ወረራ በኋላ ጋዜጦች ናቸው። ጀርመናዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ካርል ሃይንዝ ፍሪዘር በ1995 ባሳተመው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ በ1940 በፈረንሳይ ላይ የተገኘው ድል ከታሰበበት ስልት ይልቅ ለቁማር የቀረበ ነበር። የጀርመን ፍጥነት የተወለደው ከጥንካሬ ሳይሆን ከድክመት ነው። ይህ ካልተያዘ የ1940ው ድልም ሆነ የ1941ዱ ውድቀት አይገባም።

ጀርመን የራሷ ነዳጅ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ለብረት ፋብሪካዎቿ የሚያስፈልገው ማዕድን በብዛት የሚመጣው ከስዊድን ነበር፤ ጎማና ሌሎች ብዙ ብረታ ብረቶችም ከባሕር ማዶ ይገቡ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መንገዱን ሲዘጋባት ሕዝቧ ተርቧል፤ ያ ረኀብ በጄኔራሎቹ ትውስታ ውስጥ ገና ትኩስ ነበር። እንዲህ ያለ አገር በሁለት ግንባር ለዓመታት የሚጎተት ጦርነት ከገባ እንደሚሸነፍ ከማንም በላይ የሚያውቁት የጀርመን መኮንኖች ራሳቸው ናቸው። ከፕሩሺያ ዘመን ጀምሮ በወታደራዊ ትምህርት ቤቶቻቸው የተሰጣቸው መልስ አንድ ነበር፤ ጠላት ሙሉ ኃይሉን ሳያሰባስብ ቶሎ መምታት፣ ከጎን ዞሮ መክበብና ጦርነቱን በአንድ ታላቅ ውጊያ መጨረስ።

የቬርሳይ ስምምነት ሌላ ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ስምምነቱ የጀርመንን ጦር በ100 ሺህ ሰው ወሰነው፤ ታንክና የጦር አውሮፕላንም ከለከለው። የዚያ ትንሽ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ሃንስ ፎን ዜክት እያንዳንዱ ወታደር ከማዕረጉ ከፍ ላለ ኃላፊነት እንዲሠለጥን አደረጉ፤ ጦሩ ሲሰፋ አሥር አለቃው የመቶ አለቃ፣ የመቶ አለቃው ሻለቃ እንዲሆን ማለት ነው። የተከለከለውን ታንክም ጀርመኖች ከዓለም ዓይን ርቀው ከ1929 እስከ 1933 በሶቪየት ኅብረት ካዛን ከተማ አጠገብ በነበረ የጋራ ማሠልጠኛ ሞከሩት። በኋላ በሶቪየት ሠራዊት ላይ የሚዘምቱት ታንከኞች አንዳንዶቹ ሙያውን የለመዱት በሩሲያ ሜዳ ላይ ነው።

ከዚያ ትምህርት ውስጥ ለድሉ ዋናው የትእዛዝ አሰጣጡ ነው። የበላይ አዛዥ የሚፈለገውን ግብ ይናገራል፤ ግቡ እንዴት እንደሚደረስበት የሚወስነው በቦታው ያለው የበታች መኮንን ነው። ያ መኮንን ሁኔታው ሲለወጥ ትእዛዝ ሳይጠብቅ እንዲወስን ይጠበቅበታል፤ ዝም ብሎ መቆም ከመሳሳት የከፋ ጥፋት ተደርጎ ይታይ ነበር። ጄኔራል ሃይንዝ ጉደሪያን በዚህ ልማድ ላይ ሬዲዮ ጨመሩበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሬዲዮ መኮንን ስለነበሩ፣ ታንኮች በአንድነት እንዲታዘዙ ከተፈለገ እያንዳንዱ ታንክ ድምፅ መስማት አለበት የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው። የፓንዘር ክፍለ ጦር ሲባል ታንክ ብቻ አይደለም፤ በመኪና የሚጓዝ እግረኛ፣ መድፈኛ፣ ድልድይ ሠሪ መሐንዲስ፣ ፀረ ታንክና ጥገና በአንድ አዛዥ ሥር፣ በአንድ ፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት ድርጅት ነው። በሌሎች አገሮች ታንኩ በብዛት ለእግረኛው ድጋፍ እንዲሆን እዚህም እዚያም ተበታትኖ ሳለ፣ በጀርመን ተሰብስቦ እንደ ጡጫ ተጨበጠ።

ያም ሆኖ የመኪናና የታንክ ጦር የሚለው ምስል የጀርመንን ሠራዊት በሙሉ አይገልጽም። በ1940 ወደ ምዕራብ ከዘመቱት ከመቶ በላይ ክፍለ ጦሮች የፓንዘር ስም የነበራቸው 10 ብቻ ነበሩ። ቀሪው ሠራዊት በአብዛኛው በእግሩ የሚሄድ፣ መድፉንና ስንቁን በፈረስ የሚያስጎትት ነበር። በዜና ፊልም ላይ የታየው የብረት ማዕበል የጦሩ ጫፍ ነው፤ ከጫፉ ኋላ በአቧራ ውስጥ የሚራመደው አካል ከናፖሊዮን ዘመን ሰልፍ ብዙም አይለይም ነበር።

የመጀመሪያዋ ተጠቂ ፖላንድ ናት። ኦገስት 23 ቀን 1939 ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት እርስ በርስ ላለመዋጋት ተፈራረሙ፤ በምስጢር አባሪውም ምሥራቅ አውሮፓን ተከፋፈሉ። ኦገስት 31 ሌሊት የጀርመን የጸጥታ ሰዎች ፖላንዳውያን መስለው በጠረፍ ላይ ያለችውን የግላይቪትስ ሬዲዮ ጣቢያ «ወረሩ»፤ ለወረራው ምክንያት ተብሎ የተሠራ ድራማ ነበር። በማግስቱ ንጋት ላይ ለወዳጅነት ጉብኝት ተብላ ዳንሲግ ወደብ የገባችው የጦር መርከብ ሽሌስቪግ ሆልስታይን በቬስተርፕላተ የጦር ሰፈር ላይ ተኩስ ከፈተች። 1.5 ሚሊዮን ያህል የጀርመን ወታደር ከሰሜን፣ ከምዕራብና ከደቡብ ገባ።

ፖላንድ ገና ከመጀመሪያው የተያዘችው በሦስት ጎን ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ከተበተነች በኋላ በደቡብም በኩል የጠላት ጦር ተሰልፎባታል። ፋብሪካዎቿና ብዙ ሕዝቧ በምዕራብ ስለነበሩ ጠረፉን ለቃ ከወንዞች ኋላ ለመከላከል አልደፈረችም። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው የክተት አዋጁ ነገር ነው፤ ኦገስት 29 የታወጀው ክተት እንግሊዝና ፈረንሳይ «ሂትለርን እንዳታስቆጡት» ብለው ስለጠየቁ ተሽሮ በማግስቱ እንደገና ታወጀ። ጥቃቱ ሲጀመር ብዙ ተጠባባቂ ወታደር ወደ ክፍሉ ለመድረስ ባቡር ላይ ነበር።

የፖላንድ ፈረሰኞች በጎራዴ ታንክ ላይ ዘመቱ የሚለው ተረት ዛሬም ይደገማል። እውነቱ ሌላ ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን ማታ በክሮያንቲ መንደር አጠገብ አንድ የፈረሰኛ ክፍል በጀርመን እግረኞች ላይ ድንገት ዘምቶ በተናቸው፤ ከዚያ ብረት ለበስ መኪኖች ከጫካ ወጥተው በመትረየስ አጨዱት። በማግስቱ ወደ ቦታው የተወሰዱት ጋዜጠኞች የወደቁትን ፈረሶችና በአጠገባቸው የቆሙትን ታንኮች አዩ፤ ተረቱም ከዚያ ተነሣ። አገራቸውን ሊያድኑ የሞቱ ሰዎች ለሰማንያ ዓመት መሳለቂያ መደረጋቸው ሌላ በደል ነው። የፖላንድ ጦር ይዋጋ ነበር። ሴፕቴምበር 8 ወደ ዋርሶ ዳር የደረሰው የጀርመን ታንክ ክፍል በከተማ መንገዶች ላይ ብዙ ታንክ ጥሎ ተመለሰ፤ በብዙራ ወንዝ ላይም ፖላንዳውያን ብርቱ መልሶ ማጥቃት አድርገው ነበር። ሴፕቴምበር 17 ሶቪየት ኅብረት ከምሥራቅ ስትገባ ግን የመጨረሻው መውጫ ተዘጋ። ዋርሶ ከከባድ የአየር ድብደባ በኋላ በወሩ ማብቂያ እጅ ሰጠች፤ የመጨረሻው መደበኛ ጦር የተማረከው ኦክቶበር 6 ነው።

ጦሩ ካለፈ በኋላ የመጡት የናዚዎቹ የኤስ ኤስ ግድያ ቡድኖች መምህራንን፣ ካህናትን፣ መኮንኖችንና አይሁዳውያንን ስም ዝርዝር ይዘው ሰበሰቡ። ዓመቱ ሳያልቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች ተረሽነዋል። ግድያው ከፈጣኑ ጦርነት የሚነጠል ሌላ ታሪክ አይደለም፤ ታንኩ የከፈተለትን በር ተከትሎ የገባ ነው።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ሴፕቴምበር 3 ጦርነት ቢያውጁም ምንም አላደረጉም ለማለት ይቀላል። የፈረንሳይ ጦር በዛር ግዛት ጥቂት ኪሎ ሜትር ገብቶ ተመለሰ። በዚያ ጊዜ የጀርመን ጦር ምርጥ ኃይሉ በሙሉ ፖላንድ ነበር፤ በምዕራብ የቀረው በአብዛኛው በቅጡ ያልታጠቀ ተጠባባቂ ነበር። ሂትለር በዚህ ጦርነት ከተጫወታቸው ቁማሮች የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ተሳካለት።

ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ደግሞ ተራው የሰሜን ሆነ። የስዊድን የብረት ማዕድን በክረምት የሚጫነው በኖርዌይ ናርቪክ ወደብ በኩል ነበርና፣ እንግሊዞች ሳይቀድሙ ጀርመኖች ኖርዌይን በአንድ ጊዜ በብዙ ወደቦች ወረሩ። ዴንማርክ ለመንገድ ያህል ተያዘች። እቅዱ ደፋር ነበር፤ ዋጋውም ከባድ። በኦስሎ ሰርጥ ላይ የቆመው የኦስካርስቦርግ አሮጌ ምሽግ ብሉኸር የተባለችውን አዲስ ከባድ ክሩዘር በመድፍና በቶርፔዶ አሰመጣት፤ በዚያ መዘግየት የኖርዌይ ንጉሥ፣ ምክር ቤቱና የአገሪቱ ወርቅ አመለጡ። በናርቪክ አሥር የጀርመን አጥፊ መርከቦች ጠፉ። ኖርዌይ በጁን ብትንበረከክም የጀርመን ባሕር ኃይል ከዚያ በኋላ እንግሊዝን ለመውረር የሚበቃ መርከብ አልነበረውም።

ዋናው ታሪክ ያለው በፈረንሳይ ነው። የጀርመን ኤታማዦር ሹም ፍራንዝ ሃልደር ያዘጋጁት የመጀመሪያው እቅድ በቤልጂየም ሜዳ በኩል ፊት ለፊት መግፋት ነበር፤ ከ1914ቱ ብዙም የማይለይና ለድል ተስፋ የሌለው። ጃንዋሪ 10 ቀን 1940 የእቅዱን ሰነድ የያዘ መኮንን የተሳፈረባት አውሮፕላን መንገድ ስታ ቤልጂየም ምድር ላይ ወደቀች። ሰነዱ በተቃዋሚዎች እጅ ገባ። በዚያው ሰሞን ጄኔራል ኤሪኽ ፎን ማንሽታይን ሌላ ሐሳብ ይዘው አለቆቻቸውን እያሰለቹ ነበር፤ ዋናው የታንክ ኃይል በደን በተሸፈነው የአርዴን ኮረብታ አልፎ በሴዳን ሜውዝ ወንዝን ይሻገር፣ ከዚያ ወደ ባሕር ይሩጥ የሚል። የበላዮቻቸው ነገሩ አልጣማቸውም፤ ሰውየውን ከሥልታዊ እቅድ ሥራ አንሥተው ወደ ሌላ ኮር አዛዥነት አዛወሯቸው። ይሁን እንጂ ፌብሩዋሪ 17 ማንሽታይን ከሂትለር ጋር ማዕድ ለመቅረብ ዕድል አግኝተው ሐሳባቸውን አስረዱ። ሃልደርም በመጨረሻ እቅዱን የራሳቸው አደረጉት።

የፈረንሳይ ጠቅላይ አዛዥ ሞሪስ ጋምላን ደግሞ ስህተት ሠሩ። የማዢኖ ምሽግ የጀርመንን ድንበር ስለዘጋ ጠላት በቤልጂየም በኩል ይመጣል ብለው ምርጡን ጦራቸውን ወደ ሰሜን አዘጋጁ። ይህ ብቻ ቢሆን ጥፋቱ ያን ያህል ባልሆነ። ነገር ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠውን ሰባተኛ ጦርም ወደ ሆላንድ ብሬዳ እንዲሮጥ መደቡት። ተጠባባቂ ኃይል አስቀድሞ የተመደበበት ጦር በአንድ ቦታ ከተሰበረ የሚጠግነው የለም። በአርዴን ፊት ለፊት ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ ተጠባባቂዎች፣ ፀረ ታንክ መድፍ ሳይሟላላቸው ተቀመጡ።

ኃይሉ ሲቆጠር ፈረንሳይና አጋሮቿ አያንሱም ነበር። ጀርመን ወደ 2,400 ታንክ አሰልፋለች፤ ከግማሽ በላዩ መትረየስ ወይም ትንሽ መድፍ ብቻ የያዙ ቀላል ታንኮች ናቸው። በመካከላቸው ከቼኮዝሎቫኪያ የተወሰዱም ነበሩ፤ የኤርቪን ሮመል ሰባተኛ ፓንዘር ክፍለ ጦር በብዛት የተማመነው በእነርሱ ነው። የፈረንሳይ ታንኮች ብቻቸውን ከ3 ሺህ ይበልጡ ነበር፤ በመድፍም ፈረንሳይ ትልቅ ብልጫ ነበራት። ጀርመኖች በግልጽ የበለጡት በአየር ነው። ሜይ 16 በስቶን መንደር አንድ የፈረንሳይ ሻር ቤ ዋን ታንክ ብቻውን ገብቶ 13 የጀርመን ታንኮችን አቃጥሎ፣ 140 ጊዜ ያህል ተመትቶ፣ ብረቱ ሳይበሳ ወጣ። ችግሩ ብረቱ አልነበረም። በፈረንሳይ ታንክ ውስጥ አዛዡ ብቻውን በጠባብ ማማ ተቀምጦ ያያል፣ ይጎርሳል፣ ያልማል፣ ይተኩሳል፤ አብዛኛው ታንክም ሬዲዮ የለውም። የጋምላን ዋና መምሪያ በፓሪስ ዳር በቫንሴን ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር፤ የሬዲዮ ማስተላለፊያ አልነበረውም፤ ትእዛዝ በስልክና በሞተር ብስክሌት ይሄድ ነበር። ጉደሪያን በአንጻሩ በሬዲዮ መኪናቸው ከጦሩ ጋር ሲጓዙ ውሳኔያቸው በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ጀርመናዊው ከወሰነ በኋላ ፈረንሳዊው የሚወስነው ትናንት ለነበረ ሁኔታ ሆነ።

ሜይ 10 ንጋት ላይ ጥቃቱ ተከፈተ። በቤልጂየም ኤቤን ኤማኤል የሚባለውን፣ በአውሮፓ የማይደፈር ይባል የነበረ ምሽግ፣ ሞተር አልባ አውሮፕላን ጣሪያው ላይ ያሳረፋቸው ከመቶ የማይበልጡ መሐንዲሶች በአዲስ ዓይነት ፈንጂ አፍዝዘው ያዙት፤ በማግስቱ እጁን ሰጠ። ሜይ 14 የሮተርዳም መሐል ከተማ በቦምብ ተቃጠለ፤ 800 ያህል ሰው ሞተ፣ 80 ሺህ ያህሉ ቤት አልባ ሆነ፤ ሆላንድም ተንበረከከች። የዓለም ዓይንና የተባባሪዎቹ ጦር ወደዚያ ሲያይ፣ እውነተኛው ጡጫ በአርዴን ጠባብ መንገዶች ላይ ተጨናንቆ ነበር። ከ40 ሺህ በላይ መኪና በጥቂት መንገድ ላይ ተሰልፎ፣ ሰልፉ አንዳንድ ቦታ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘግቶ ቆመ። የፈረንሳይ አብራሪዎች በሌሊት መብራቱን አይተው ሪፖርት አደረጉ፤ በአርዴን ታንክ አያልፍም የሚለው እምነት ግን ከሪፖርቱ በረታ። በእነዚያ ቀናት መንገዱ ላይ ቦምብ ቢዘንብ ኖሮ ጦርነቱ ሌላ መልክ በያዘ።

ሜይ 13 በሴዳን ላይ የጀርመን አውሮፕላኖች ከጠዋት እስከ ማታ እየተፈራረቁ ደበደቡ። ሽቱካ የተባሉት ቦምብ ጣዮች ሲወረወሩ የሚያሰሙት ሳይረን ከቦምቡ ያልተናነሰ የወታደሩን ልብ ሰበረ። ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት የጀርመን እግረኞችና መሐንዲሶች በጎማ ጀልባ ወንዙን መሻገር ጀመሩ። ይህን ወሳኝ ሥራ የሠሩት ታንኮች አይደሉም፤ በጀልባ የቀዘፉ፣ ምሽግ ለምሽግ በእጅ ቦምብ የሄዱ ሰዎች ናቸው። በዚያው ማታ በቡልሶን መንደር «ታንኮቹ ደረሱ» የሚል ወሬ ተነዛ፤ የፈረንሳይ መድፈኞች መድፋቸውን ጥለው ሸሹ። በዚያ ሰዓት ሜውዝን የተሻገረ አንድም የጀርመን ታንክ አልነበረም። ወሬ ከታንክ ቀድሞ ግንባሩን ሰበረው። በማግስቱ የእንግሊዝና የፈረንሳይ አብራሪዎች ድልድዩን ለማፍረስ በድፍረት ዘመቱ፤ ከተላኩት 71 የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች 40 ያህሉ አልተመለሱም።

ከዚህ በኋላ ጉደሪያን የተሻገሩበትን ቦታ ከማጠንከር ይልቅ ወደ ምዕራብ ዞሩ። እግረኛው ገና ከኋላ ነው፤ ጎናቸው ባዶ ነው። የበላያቸው ክላይስት ሜይ 17 እንዲቆሙ አዘዟቸው፤ ተጣሉ፤ ጉደሪያን ሥልጣኔን ልልቀቅ አሉ። በመጨረሻ «ጠንካራ ቅኝት» እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው፤ ሙሉ ጦራቸውን በቅኝት ስም ይዘው ሄዱ። ሂትለር በዚያ ሰሞን በራሱ ድል ተሸብሮ ነበር፤ ስለ ደቡቡ ጎን ሲጮህ መዋሉን ሃልደር በማስታወሻቸው ጽፈዋል። የበላዮቹ መሪዎች ልጓም ሲስቡ የበታቾቹ ሽምጥ ጋለቡ፤ ሜይ 20 ማታ በሶም ወንዝ አፍ አጠገብ አብቪል ገቡ። ከሴዳን እስከ ባሕር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሰባት ቀን ተጉዘው፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተባባሪ ጦር ከኋላው ቆረጡት።

የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ሜይ 16 ፓሪስ በርረው ተጠባባቂው ጦር የት እንዳለ ጋምላንን ሲጠይቁ የለም የሚል መልስ ማግኘታቸውን በኋላ ጽፈዋል። መልሶ ማጥቃት አልጠፋም፤ ሻርል ደ ጎል በሞንኮርኔ፣ እንግሊዞች በአራስ ሞክረዋል። በአራስ ሮመል ወፍራሞቹን የእንግሊዝ ታንኮች ያስቆሙት በ88 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መድፍ ነው። የአራሱ ጥቃት ያመጣው ድንጋጤ ሜይ 24 ቀን ታንኮቹ ከደንከርክ አጠገብ እንዲቆሙ ለተሰጠው ትእዛዝ አንዱ ምክንያት ሆነ። ከሜይ 26 እስከ ጁን 4 ከ338 ሺህ በላይ ወታደር በመርከብና በጀልባ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጣን ነው። ጁን 5 ሁለተኛው ጥቃት ሲከፈት ፈረንሳዮች ከፊተኛው ይልቅ በጀግንነት ተዋጉ፤ ሆኖም ምርጡ ጦራቸው በሰሜን አልቋል። ስድስት ሚሊዮን ወይም ከዚያ በላይ ሲቪል አልጋውን በጋሪ፣ ልጁን በትከሻ ይዞ ወደ ደቡብ ፈሰሰ። ጁን 14 ፓሪስ ያለ ውጊያ ተያዘች። በሊዮን አጠገብ በሻስሌ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ተኳሾች በብርቱ ተዋጉ፤ ከተማረኩ በኋላ በቆዳቸው ቀለም ተለይተው ተረሸኑ። በዚያ ዘመቻ እንዲህ የተገደሉ አፍሪካውያን ምርኮኞች ከአንድ ሺህ በላይ እንደሆኑ ይገመታል፤ ስለ 1940 በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ግን ስማቸው እምብዛም አይነሣም። ጁን 22 በኮምፒየኝ ጫካ፣ ጀርመን በ1918 የፈረመችበት ያው የባቡር ፉርጎ ከሙዚየም ወጥቶ የተኩስ አቁሙ በውስጡ ተፈረመ።

የዚህ ድል ጥላ ኢትዮጵያም ደርሷል። ሙሶሊኒ ፈረንሳይ መውደቋን አይቶ ከምርኮው ድርሻ እንዳይቀርበት ጁን 10 ቀን 1940 (ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.) ጦርነት አወጀ። እስከዚያች ቀን እንግሊዝ የኢጣሊያን ቅር መሰኘት ፈርታ ለኢትዮጵያ አርበኞች ፊቷን አላሳየችም ነበር። በባዝ ከተማ በስደት የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሳምንታት በኋላ ወደ ካርቱም በረሩ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሱ። አምስት ዓመት በዱር በገደል ሲዋጉ የቆዩት አርበኞች ያገኙት አጋር፣ ሙሶሊኒ በሌላ ሰው ድል ተታሎ በወሰነው ውሳኔ የመጣ ነው።

በ1941 ጸደይ ጀርመን በአንድ ቀን፣ ኤፕሪል 6፣ ዩጎዝላቪያንና ግሪክን ወረረች። ቤልግሬድ በቦምብ ጋየች፤ ኤፕሪል 27 አቴንስ ተያዘች። ቀርጤስ በጃንጥላ ወራጆች ብትያዝም ከ3 ሺህ በላይ የጀርመን ወታደሮች ሞቱ ወይም ጠፉ፤ ሂትለር ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ትልቅ የአየር ወለድ ዘመቻ አልሞከረም።

ፈረንሳይ ከወደቀች በኋላ ቁማር የነበረው ነገር ዶክትሪን ሆነ። በ1939 ሲፈሩ የነበሩ ጄኔራሎች በ1940 የራሳቸውን ድል አመኑ፤ የፈረንሳይን ጦር በስድስት ሳምንት የሰበረ ሠራዊት ሶቪየት ኅብረትን በሦስት ወይም በአራት ወር ይጨርሳል ተባለ። ጁን 22 ቀን 1941 ከ3 ሚሊዮን በላይ የጀርመን ወታደር፣ ከ3 ሺህ በላይ ታንክና ከ600 ሺህ በላይ ፈረስ ድንበሩን ተሻገረ። ስታሊን የደረሰውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ አልተቀበለም ነበርና የመጀመሪያው ውጤት አስደንጋጭ ሆነ። በሚንስክ ከበባ 300 ሺህ ያህል፣ በሴፕቴምበር በኪየቭ ከ600 ሺህ በላይ፣ በኦክቶበር በቪያዝማና በብሪያንስክ እንዲሁ ከ600 ሺህ በላይ ወታደር ተማረከ። ሃልደር ጁላይ 3 በማስታወሻቸው ዘመቻው በሁለት ሳምንት ውስጥ በድል ተጠናቋል ማለት እንደሚቻል ጻፉ።

ያው ማስታወሻ ኦገስት 11 ቃሉን ለወጠ፤ 200 ያህል ክፍለ ጦር ይጠብቁ የነበሩት ጀርመኖች 360 ቆጥረዋል። አንዱ ሲደመሰስ ሌላው ይተካል። በፈረንሳይ ያልነበረው ነገር እዚህ ነበር፤ ስፋት። ከሴዳን እስከ ባሕር የአንድ ሳምንት መንገድ ሲሆን፣ ከድንበር እስከ ሞስኮ ግን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የተነጠፈ መንገድም ጥቂት ነው። የሶቪየት ሐዲድ ከአውሮፓው ይሰፋልና የጀርመን ባቡር አይሄድበትም፤ በየኪሎ ሜትሩ መቀየር ነበረበት። ከመላው አውሮፓ የተሰበሰቡት መኪኖች ወደ 2,000 ዓይነት ስለነበሩ መለዋወጫ ማግኘት ራሱን የቻለ መከራ ሆነ። ታንኮቹ እየቀደሙ፣ እግረኛው በቀን 40 ኪሎ ሜትር እየተራመደ ሲከተል፣ የከበባው ቀለበት ሳይዘጋ ብዙ ወታደር ያመልጥ ነበር። በስሞሌንስክ ዙሪያ የተደረገው የሁለት ወር ውጊያ ጊዜውን በላው። በኦክቶበር ዝናብ መንገዱ ጭቃ ሆነ።

የስንቅ እጥረት ሲመጣ የጀርመን መልስ በእቅድ የተጻፈ ነበር፤ ጦሩ ከያዘው አገር ይብላ፣ የአገሩ ሰው ይራብ። በ1941 ከተማረኩት ከ3 ሚሊዮን በላይ የሶቪየት ወታደሮች እስከ ፌብሩዋሪ 1942 ድረስ ሁለት ሚሊዮን ያህሉ በረኀብ፣ በብርድና በጥይት አለቁ። ኪየቭ ከተያዘች ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 29 እና 30፣ በባቢ ያር ሸለቆ 33,771 አይሁዳውያን በጥይት ተገደሉ፤ ቁጥሩን የመዘገቡት ገዳዮቹ ራሳቸው ናቸው። በፖላንድ በስም ዝርዝር የተጀመረው ግድያ ወደዚህ አድጓል።

እስከ ኖቬምበር መጨረሻ የጀርመን ሙት፣ ቁስለኛና የጠፋ ከ700 ሺህ አልፏል። የፊተኞቹ ክፍሎች ከሞስኮ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ርቀው፣ የክረምት ልብስ ሳይደርሳቸው፣ ሞተራቸው በረዶ ሆኖ ቆሙ። ዲሴምበር 5 የሶቪየት ጦር መልሶ ማጥቃት ጀመረ። ሂትለር አንድም እርምጃ ወደኋላ እንዳይባል አዘዘ፤ የምድር ጦሩን ጠቅላይ አዛዥ አሰናብቶ ሥልጣኑን ራሱ ያዘ። በቦታው ያለው መኮንን በራሱ ይወስናል የሚለው የቆየ ልማድ ከዚያ ወዲያ እየጠበበ ሄደ። በሜይ 1940 የቁም ትእዛዝ ተላልፈው ወደ ባሕር በመሮጣቸው የተወደሱት ጉደሪያን፣ በዲሴምበር 1941 መጨረሻ የቁም ትእዛዝ ተላልፈው ጦራቸውን ወደኋላ በመሳባቸው ከአዛዥነት ተነሡ።